ስማችን ስንት ባይት ነው?



አብዱረህማን የሚለው ስም በአማርኛ ሰባት ፊደል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን 21 ባይት ይይዛል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳልና። በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ አሥር ይበቃው ነበር። አንድ ፕሮግራመር «ለስም 20 ባይት አይበቃም እንዴ?» ብሎ ቦታ ከመደበ ስድስቱ ፊደላት ይገባሉ፤ ሰባተኛው ተሰንጥቆ በቦታው የጥያቄ ምልክት ይወጣል። እንዲህ የተቆረጡ ስሞች የሞሉበት ዝርዝር በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ሰዉ «አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ያስቸግራል» ብሎ ያልፈዋል። ፊደላችን ግን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ያስቸገረው አማርኛ ሳይሆን ሲ ቋንቋ ጽሑፍን የሚይዝበት መንገድ ነው።

ሲ ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ተከታታይ ባይቶችንና መጨረሻቸው ላይ የምትቀመጥ አንዲት ዜሮን ብቻ ነው። መድረሳ የቀራችሁ የወቅፍ ምልክትን አስቡ፤ ያቺ ዜሮ «እዚህ ጋ ቁም» ባይ ናት። ከጠፋች ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የሌላውን ሜሞሪ እያነበበ፣ ሲብስም እየጻፈበት ይቀጥላል። ጌትስ የተባለው ፈንክሽን የመጣለትን ሁሉ ቦታው ይብቃ አይብቃ ሳይጠይቅ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል ኢንተርኔቱን ሲያውክ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነው። ከሲ ስታንዳርድ የተሰረዘው ግን በ2011 ነው! «ጥንቃቄ ያለው» የሚባለው ስትርኤንኮፒም ጽሑፉ ከረዘመበት ዜሮዋን ሳያስቀምጥ ይተዋል። የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች በ1998 ስትርኤልኮፒ የተባለ የተሻለ ፈንክሽን አወጡ፤ በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ የተቀበለው በ2023 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ያም ቢሆን የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ የእኛን ፊደል መሃል ላይ ከመቁረጥ አይመለስም።

ጀመዓችን የአዲስ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም ሲፈልግ ሊብዩኒስትሪንግ የተባለውን የግኑ ላይብረሪ መረጥኩ። ነፃ ነው፤ የሚቆጥረውም ፊደል ነው። በላቡ ኮምፒውተር ላይ ለተማሪ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የለም፤ ደግነቱ አያስፈልግም። የታመቀውን ፋይል ፈትታችሁ ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት ስታስኬዱ፣ ፕሪፊክስ በሚለው አማራጭ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ እንዲጫን ትነግሩታላችሁ። ስክሪፕቱ ኮምፓይለሩን እየፈተሸ ረጅም ዝርዝር ያወጣል፤ ሻይ ማፍላት ይቻላል። ቀጥሎ ሜክ ይገነባዋል። ሜክ ቼክ የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። የሌላ ሰው ኮድ ከመጠቀሜ በፊት በዚህ ማሽን ላይ በትክክል መሥራቱን ራሱ ሊያሳየኝ ይገባል። በመጨረሻ ሜክ ኢንስቶል ሄደሩንና ላይብረሪውን ወደ ፎልደራችሁ ይገለብጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሰውን የሚያሰለች። ለኮምፓይለሩ ሄደሩ የት እንዳለ፣ ለሊንከሩ ደግሞ ላይብረሪው የት እንዳለ ለየብቻ ይነገራቸዋል። ሁለቱም ተስማምተው ፕሮግራሙ ከተሠራ በኋላ ሲነሳ «ላይብረሪውን አላገኘሁም» ሊል ይችላል። ይህን የሚለው ሎደሩ ነው፤ እሱ ሦስተኛ ሰው ነው፣ ለሁለቱ የተነገረውን አልሰማም። ሊንክ ሲደረግ መንገዱን ፕሮግራሙ ውስጥ ማስጻፍ ወይም ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ በሚባለው ተለዋዋጭ መናገር ይበቃል። ለትንሽ ሥራ ስታቲክ የሆነውን ማያያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሰላም የሚለውን ቃል ለስትርሌን ብትሰጡት 9 ይላል፤ የዚህ ላይብረሪ ቆጣሪ 3 ይላል። አብዱረህማንም ሙሉ ስሙ ወጣለት፣ አልሐምዱሊላህ።

ዐረብኛው ነው ገና ያላለቀው። ሙሐመድ የሚለው ስም ከነሐረካው ሲጻፍ አራት ፊደል፣ በላዩ ዶማ፣ ፈትሓ፣ ሸዳና ሌላ ፈትሓ አለው። ዩኒኮድ ሐረካን እንደ ራሱ የቻለ ምልክት ስለሚቆጥር ስምንት ምልክት፣ 16 ባይት ይሆናል። በዓይን የሚታየውን አራቱን ለማግኘት ላይብረሪው ለብቻው ሌላ ፈንክሽን አለው፤ ስም ስንቆርጥ በእሱ ካልሄድን ፊደሉ እዚህ፣ ሐረካው እዚያ ይቀራል። የጀመዓውን ኪታቦች በርዕስ ለመፈለግ ደግሞ ሐረካውን መንቀል ያስፈልጋል፤ ፈላጊው ሐረካ አይጽፍምና። ምልክቶቹን ነጣጥሎ መንቀል ግን ከአሊፍ ላይ ሐምዛውንም ይዞ ይሄዳል። ለፍለጋ ይህ ይጠቅማል፤ ግማሹ ሰው ሐምዛውን አይጽፈውም። ለሕትመት ግን አይሆንም። ስለዚህ ርዕሱ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል፤ አንዱ እንደተጻፈው፣ ሌላው ለፍለጋ ተነቅሎ። አሁን እየጻፍኩ ያለሁት ይህን ክፍል ነው።