ዋና የማያውቅ የባሕር ልጅ

የተወለድኩት ይፋግ ነው። ይፋግን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታ ከታለፈ በኋላ አዲስ ዘመን ሳይደረስ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገበያዋ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ሜዳው እየሰፋ ሄዶ ጣና ላይ ያበቃል። እንግዲህ የባሕር ልጅ ነኝ ማለት ነው። ነገር ግን እስከ ሃያ ስምንት ዓመቴ ድረስ ውኃው ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አጎቴን የርብ ወንዝ በክረምት ሙላት ከወሰደው ወዲህ እናቴ ለልጆቿ ያወጣችው ሕግ አንድ ነበር። «ከጉልበት በላይ ውኃ አይገባም!»

ይህ ሕግ ግን ስለ ጣና ከመጻፍ አላገደኝም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ደሴቶቹ 37 እያልኩ ሁለት ጽሑፍ አሳትሜአለሁ። አንባቢም አመስግኖኛል።

በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሁለት ወዳጆቼ ዘንድ ሰነበትኩ። አንዱ መምህር ነው፤ ሌላዋ ነርስ ስትሆን ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። «አንተ ስለ ጣና የምትጽፈው መንገድ ዳር ቆመህ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ማፈር ከፍርሃት ይበረታልና በሞተር ጀልባ ፈንታ ሦስት ታንኳ ከነቀዛፊዎቻቸው ተስማምተን በማለዳ ተነሣን።

ታንኳ የደንገል እስር ነው። ውኃ ያስገባል፤ መቀመጫህ ይርሳል፤ ከጉዞ በኋላ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። የእኔን የሚቀዝፉት ሸምገል ያሉ ወይጦ ነበሩ። ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ፣ ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በሩቁ እያለፉ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ክብራን ገብርኤል አጠገብ ደረስን። ክብራን ሴት አይገባበትም። ሲስተርን ትተን አንወርድም ብለን እርሷም ወደምትገባበት ወደ ጎረቤቱ ደሴት፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስ አለፍን።

ቆሏችንን እየቆረጠምን ሳለ መምህሩ የኖርዌዩን ቶር ሄየርዳልን ታሪክ አነሣ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ በቻድ ሰዎች እጅ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። እርሷ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተበታተነች። በዓመቱ ዳግም ከደንገል የተሠራችው «ራ 2» ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። እኔም ይህን አስቀድሜ አውቀው ነበርና በኩራት ጨመርኩበት። ጨዋታው ጣመንና ሰዓቱን ረሳነው።

ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ የታንኳውን ጠርዝ እያለፈ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ሄየርዳልም ባርባዶስም ከራሴ ጠፉ። የታየኝ አጎቴ ነው። ሳላውቀው ብድግ አልኩ፤ ታንኳው ወደ አንድ ጎን አጋደለ።

«ተቀመጥ!» አሉ ሽማግሌው ሳይጮኹ። «ደንገል ውኃ ቢሞላበትም አይሰጥምም። የሚሰጥመው የሚቆመው ሰው ነው።»

ተቀመጥኩ። እጄ እስኪደነዝዝ እስሩን ጨብጬ ዝም አልኩ። ቆይተው «የት አገር ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ይፋግ።»

«እህ! የባሕር ልጅ ነህ እኮ!» አሉና ቀጠሉ። በወዲያኛው ዳርቻ እንቦጭ ደንገሉን እየዋጠው፣ ታንኳ የሚሠራበት ጥሩ ደንገል ፍለጋ ሩቅ መሄድ ግድ ሆኗል አሉኝ። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በእኛ በኩል ማለት ነው፣ መታየቱን አውቃለሁ። ሰው በእጁ ሲነቅለው በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ስለ እርሱም ልጽፍ አስቤ ነበር… መንገድ ዳር ቆሜ።

ማታ ሲስተር የላጠውን መዳፌን በአዮዲን እየጠረገች አንድም ቃል አልተሳለቀችብኝም። ያ ይበልጥ አሳፈረኝ።

በሳምንቱ ይፋግ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቡናዋን ቀዳችና «ውኃው ምን ይመስላል?» አለችኝ። ለካ እርሷም አታውቀውም! ያሳተምኩትን ሁሉ አንብቤላት ነበር፤ ይህን ጥያቄ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳት። «ሲቆሙበት ያስፈራል።»