ባለ ተጎታቿ ብስክሌት

በለቡ መብራት ኃይል በኩል ወደ ትምህርት ቤት የምትመጡ ልጆች፣ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ትንሽ ጋሪ እየጎተተች የምታልፍ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ነኝ። «ሲኖትራክ መጣች!» እያላችሁ የምትስቁት በእኔ ነው። አልተቀየምኩም። ግን ብስክሌቷ እንዴት ባለ ተጎታች እንደሆነች ልንገራችሁ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። እስከ አምና ድረስ እንጀራውን በብስክሌት የሚያደርሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ባሕር ዳር ደረሰውና ብስክሌቱን ለእኛ ትቶ ሄደ። ስልክ ሲደውል «እዚህ እኮ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዛቱ! ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሴቱም ወንዱም» ይለኛል። እኛ ጋ ግን እማዬ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልላ ተሸክማ መሄድ ጀመረች። ማታ ማታ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ ስታሽ ሳይ አላስቻለኝም። «እኔ በብስክሌት ላድርስልሽ» አልኳት። «ትወድቂብኛለሽ ልጄ» አለችኝ። ስለምናት ከርሜ በመጨረሻ እሺ አለች።

ችግሩ ብስክሌቱ የተሠራው ለረጅም ወንድ ነው። ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚሄደው የላይኛው ብረት ከፍ ያለ ስለሆነ በዩኒፎርም ቀሚስ እግር አንስቶ መውጣት አይቻልም። ሰፈራችን ያለው በያጅ አየውና «ይህን ብረት ዝም ብለን ከቆረጥነው ብስክሌቱ መሀሉ ላይ ይታጠፋል» አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ሌላ ጠንካራ ብረት በየደ፣ ከዚያ በኋላ የላይኛውን ቆረጠው። መቀመጫውንም አወረደልኝ። አሁን እግሬ መሬት ይነካል። ከኋላ ደግሞ በእኔ ሐሳብ ሰፊ ጣውላ ከፍ ተደርጎ ታሰረልኝ።

በራችን አጠገብ ሦስት እግር ያለው በእጅ የሚነዳ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው የሞባይል ካርድና ማስቲካ የሚሸጡ ጎረቤት አሉን። እግራቸው አይሠራም። እኛ «ጋሽዬ» እንላቸዋለን። ጣውላዬን አይተው «ልጄ፣ ሸክሙን ከፍ አድርገሽዋል፤ ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። በአፌ እሺ አልኩ። በልቤ ግን «እሳቸው ስለ ብስክሌት ምን ያውቃሉ?» አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን 40 እንጀራ ጭኜ ወጣሁ። ሙዚቃ ቤት ሳልደርስ አንድ ባጃጅ ድንገት ገባብኝ። ፍሬን ያዝኩ። ብስክሌቱ ቆመ፣ ጭነቱ ግን አልቆመም። ወደ ጎን አዘንብሎ እኔንም ይዞኝ ወደቀ። እንጀራው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ክርኔ ተላጠ፤ ያስለቀሰኝ ግን ክርኔ አይደለም።

እማዬ አልተቆጣችም። «አንቺ ተረፍሽ ወይ?» ብቻ አለች። ግን ሊጥ በአንድ ሌሊት አይቦካም። የቀጣዩ ቡሖ እስኪደርስ ምግብ ቤቱ ሁለት ቀን ከሌላ ሴት ገዛ። እማዬ እነዚያን ሁለት ቀናት ብዙም አላወራችም። ደንበኛዋን በእኔ ምክንያት ልታጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽዬ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ስለ ራሳቸው ብስክሌት ነገሩኝ። ሲገዙት አሮጌና ለረጅም ሰው የተሠራ ነበር፤ እጃቸው የሚያዞረው ፔዳል ድረስ አይደርስም ነበር። መቀመጫውን ወደፊት አስጠግተው፣ የፔዳሉን ክንድ አሳጥረው፣ ከእግራቸው ሥር የዕቃ ሳጥን አሠሩበት። «ሰው በብስክሌት ልክ አይሠራም፤ ብስክሌት ነው በሰው ልክ የሚሠራው» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ ዝቅ ብዬ በሦስት ጎማ ስለምቀመጥ ወድቄ አላውቅም። አንቺም ሸክምሽን ከጀርባሽ አውርደሽ መሬት ለመሬት ጎትቺው» አሉ።

ተጎታቹ የተሠራው እንዲህ ነው። ጎማዎቹ ከተሰበረ የሕፃን ጋሪ የመጡ ናቸው። በያጁ የብረት ፍሬም ሠራ፤ እንጀራው ሳይታጠፍ ተዘርግቶ እንዲቀመጥ ኮምፔንሳቶ አነጠፍንበት። መጀመሪያ በቡሎን ጥብቅ አድርገን ስናስረው ብስክሌቷ መታጠፍ አቃታት። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ቁራጭ የመኪና ጎማ አስገባን፤ እሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይለመጣል። የታሰረውም መቀመጫው ሥር ሳይሆን የኋላው ጎማ መሀል አጠገብ ነው። ከላይ ቢታሰር ተመልሶ ይጥለኝ ነበር። 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ጭኜ፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩ። ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ከኋላ ስለሚገፋ ፍሬን ቀደም ብሎ፣ ቀስ እያሉ መያዝ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ሳቁ መጣ። «ሲኖትራክ» ስትሉኝ አንድ ሁለት ቀን በጓሮ መንገድ ዞሬ ሄጃለሁ። የሳይንስ መምህራችን ይህን ሰምተው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። በፈረንጆች 1933 ፍራንሲስ ፎር የሚባል ፈረንሳዊ፣ ጋለል ተብሎ ተቀምጦ እግርን ወደፊት ዘርግቶ በሚነዳ ብስክሌት በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ይህ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንደማለት ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፋሱ ብዙ አይመታውም። ተራው ብስክሌት ላይ ከተመዘገበው ክብረ ወሰን በለጠ። በዓመቱ የዓለም ብስክሌት ማኅበር እንዲህ ያለውን ብስክሌት ከውድድር አገደው። «መልኩ የተለየ ነገር ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም» አሉኝ መምህሬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ።

አሁን ምግብ ቤቱ ተመልሶ የእማዬ ደንበኛ ሆኗል። ጉልበቷም ትንሽ ተሽሏታል። ስመለስ ተጎታቹ ባዶ ስለሆነ የጋሽዬን ውኃ እጭንበታለሁ። ሊከፍሉኝ ሲሉ እምቢ ብያለሁ፤ የምክራቸውን ዋጋ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በለቡና በጀሞ መንገድ ዳር የተሠራው የብስክሌት መስመር ለእኛ ለሁለት እግር ሰዎች በጣም ይጠቅመናል። መስመሩ ላይ መኪና ሲቆምበት ግን ተጎታቼን ይዤ መኪኖች መሀል እገባለሁ። ስለዚህ እባካችሁ ቤት ስትገቡ ለአባቶቻችሁና ለአጎቶቻችሁ ንገሩልኝ። መኪና ያላችሁ መምህራኖቻችንም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተንም ይመለከታል።

ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል