ማተብ የታሰረለት ገመድ

ነገሩ የተጀመረው በካውያ ነው። እሑድ ጠዋት እህቴ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ እየተጣደፈች፣ ነጭ ቀሚሷን ልትተኩስ ካውያዋን ይዛ ክፍሌ ገባች። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይገባዋል፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ሶኬት። የእኔ ሶኬት ደግሞ ከኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ሥር ነው ያለው። እሱ ላይ ዲቫይደር ተሰክቷል፣ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይቁጠረው። እህቴ ክፍት ያገኘችው ቀዳዳ ላይ ሰካች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

ተንደርድሬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው የጠበቀኝ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አቧራ የለበሰ። አንዱን ነቀልኩ፣ ሞኒተሩ ጠፋ። ሌላውን ነቀልኩ፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም የጠፋ ነገር የለም። ሽታው ግን እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ እህቴ ራሷ ካውያዋን ነቅላ ገላገለችን። ግድግዳው ላይ የነበረው ስፒና በአንድ እግሩ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን፤ ግቢው በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ካቻቢቴና ፒንሳቸውን ይዘው መጡ። (ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስፒና፤ ሦስቱም ጣልያንኛ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ ደግሞ ሁሉም እንግሊዝኛ። ግድግዳው ጣልያን፣ ጠረጴዛው እንግሊዝ፤ መሐል ላይ ተንበርክካ የምታስነጥሰው ብቻ አበሻ።) መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቀለጠው ስፒና አልነበረም።

“ልጄ፣ በሩ ጋ ያለውን ብሬከር ለምን አላወረድሽውም?”

መልስ አልነበረኝም። ገመድ ስፈልግ ብሬከር የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አላለኝም።

እኔ ደግሞ በተራዬ፣ “ብሬከሩስ ለምን ራሱ አልወረደም?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ያስረዱኝን ያን ቀን ማታ በወረቀት አሰላሁት። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ካውያው ላይ የተጻፈው 1600 ዋት ስለሆነ የሚስበው ከ7 አምፔር ትንሽ በለጥ ይላል። ብሬከሩ የ16 አምፔር ነው፤ ለእሱ ይህ ምንም አይደለም። ብሬከር የሚያየው በሽቦው ውስጥ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ እንጂ የትኛው ስፒና እንደላላ አይደለም። ስፒናዬ ደግሞ ላልቶ ነበር። በላላ ንክኪ ላይ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ቢኖር፣ 7 አምፔር ሲያልፍበት እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 25 ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን መሣሪያ አስቡት፤ እሱን የሚያክል ሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ ማለት ነው።

የገረመኝ ግን ሌላው ስሌት ነው። ከዴስክቶፑ በቀር የጠረጴዛዬን ዕቃ ሁሉ ደመርኩት። የላፕቶፑ ቻርጀር 65 ዋት፣ ሞኒተሩ 25፣ ዋይፋዩ 12፣ የስልክ ቻርጀር፣ ትንሽዬ ስፒከር፤ ሁሉም ተደምሮ 130 ዋት ቢሆን ነው። አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በካሬው ስለሆነ፣ ያው የላላ ስፒና በእኔ ላፕቶፕ ጊዜ ለብ እንኳ አይልም። ስንት ዓመት እንደዚያው ላልቶ እንደኖረ ማን ያውቃል? ብዙ ገመድ ስላለ አደገኛ ይመስለን የነበረው ክምር በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ከአንድ ካውያ አንድ አሥረኛ አይደርስም። ካውያ፣ ውኃ ማፍያ፣ ምድጃ፣ ምጣድ፤ የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ከጠረጴዛው ዲቫይደር መራቅ አለበት። እህቴ አሁን የምትተኩሰው ሳሎን ነው። ቅሬታዋን አልደብቅም፤ መስታወቱ ያለው እኔ ክፍል ነው።

ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ አንድ የቆየ ነገር አስታወስኩና ነገርኳቸው፤ ዴስክቶፑን በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል። ዴስክቶፑን የላከልን ዱባይ ያለው ወንድማችን ነው። ከዚያ የመጣ ዕቃ ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ እዚህ ግድግዳ ላይ አይገባም። እኛም እንደ ሁሉም ሰው ሁለት ክብ እግር ያላት ርካሽ መቀየሪያ ገዝተን ሰክተናል። ጋሼ መቀየሪያዋን አገላብጠው አዩና ሳቁ። ሦስተኛው እግር የኧርዝ ነው፤ መቀየሪያዋ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ከምንም ጋር አይገናኝም። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በር ላይ ግርግር የሚያጠሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዳቸው ከአንዱ መስመር፣ ሌላኛቸው ከሌላው ወደ ብረቱ ቀፎ ይያያዛሉ። ኧርዝ ካለ የሚያሾልኩት ጥቂት ኮረንቲ በሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ቀፎው የ220ውን ግማሽ፣ 110 ቮልት ያህል ተሸክሞ አንድ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። እኔ ግን ለሁለት ዓመት “የዚህ ኮምፒውተር ጠባዩ ነው” እያልኩ ኖሬያለሁ።

የዴስክቶፑን ስፒና በክቡ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የኧርዝ ብረት ባለው ቀየሩት። እኔ አበቃ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ብሬከሩን አውርደው የግድግዳውን ሶኬት ፈቱት። የኧርዙ ሽቦ ከውስጥ አለ፤ ግን ተጠቅልሎ ጥግ ተወሽቋል። የገጠመው ሰው አላሰረውም። ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፣ ከኋላው ምንም የለም። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እስከዚያ ቀን እንደዚያ ነበር። (እባካችሁ ይህን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።)

ከዚያ በኋላ ነው ገመዱን ወደ ማስተካከል የገባሁት። መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው፤ ቪዲዮ አየሁ። ነጭ ጠረጴዛ፣ አንድ ተክል፣ አንድ መብራት፣ አንድም ገመድ አይታይም። ዲቫይደሩ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ገመዱ በቱቦ ውስጥ፣ ቱቦው በጠረጴዛው እግር ጀርባ። ያምራል። ግን እያየሁ አንድ ነገር ከነከነኝ፦ እዚያ ቤት መብራት አይጠፋም።

እኛ ጋ ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በመስኮት የማዶውን ብሎክ ማየት ነው። እነሱ ካላቸው ወይ የእኛ ካርድ አልቋል፣ ወይ አንድ ፌዝ ሄዷል። እነሱም ከሌላቸው መንቀል ይጀመራል፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ሲመለስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጁንና ምጣዱን እንደከፈተው ትቶት ኃይሉ ሲመለስ ቮልቱ ይዋዥቃል። የባሰው ደግሞ ኒውትራሉ የላላ ወይም የተበጠሰ እንደሆነ ነው። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው፤ ኒውትራል ከሌለ 220 ብቻ ማግኘት የሚገባው ቤት ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ማታ የአንድ ደረጃ ቤቶች ቴሌቪዥን ተከታትሎ ተቃጠለ ሲባል ከሰማችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ የእኔ ገመድ በጨለማ በእጅ ተለይቶ መነቀል አለበት። ሳጥን ውስጥ የተደበቀ፣ ቱቦ የለበሰ ገመድ ለፎቶ ይሆናል እንጂ ለእኔ ቤት አይሆንም። ክዳን ያለው ሳጥን ደግሞ ሙቀትም ያፍናል፤ የተጠቀለለ ገመድም እንደዚያው ነው። ትርፉን ገመድ በጠባብ ክብ ጠቅልላችሁ ብዙ ኃይል የሚስብ ነገር ብትሰኩበት መሐሉ ሙቀቱን የሚያወጣበት ቦታ የለውም።

ምን አለሽ ተራ ሄጄ የአሮጌ ፍሪጅ የብረት ፍርግርግ መደርደሪያ በጥቂት ብር ገዛሁ። በአራት ጥግ ብሎን ከጠረጴዛው ሆድ ሥር ሰቀልኩት። ሁለቱን ዲቫይደሮች በአንድ ረጅም፣ ወፈር ባለ ገመድ በሚሠራ ዲቫይደር ተክቼ ፍርግርጉ ላይ አሰርኩት። አሁን ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ወለሉ ባዶ ሆነ፤ እናቴ ስትወለውል ውኃው የሚያገኘው ገመድ የለም፣ ለአይጥም አይመችም። የዳታውን ገመድ በአንዱ ጎን፣ የኃይሉን በሌላው አስኬድኩ። ጠረጴዛው ለጽዳት ሲሳብ እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ተውኩ፤ ይህን መጀመሪያ ረስቼው የኤችዲኤምአይ ገመድ አንገት ሰብሬያለሁ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስም ተራውን አገኘ። ድሮ ሁሉንም ነገር እሱ ላይ እሰካ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸት። ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት፣ ያውም አዲስ እያለ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ እያለው ከዩፒኤሱ መጠጣቱ ጎረቤት ቤት በልቶ መምጣት ነው። አሁን ዩፒኤሱ ላይ ያሉት ሞኒተሩና ዋይፋዩ ብቻ ናቸው። 40 ዋት እንኳ ስለማይሞሉ መብራት ሲሄድ የጀመርኩትን ሥራ ጨርሼ ልኬ፣ ሻይም ጠጥቼ እደርሳለሁ።

የቀረው መለየቱ ነው። ወረቀት ለጠፍኩ፤ በጨለማ አይነበብም። ቀለም አሰብኩ፤ በጨለማ ቀለም የለም። በመጨረሻ ከእናቴ ያረጀ ነጠላ ጫፍ ቀጫጭን ጥብጣብ ቆርጬ በየገመዱ ላይ፣ ከስፒናው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ አሰርኩ። አንድ ቋጠሮ ዋይፋይ፣ ሁለት ሞኒተር፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ አራት ዴስክቶፕ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ብሰድ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጣቴ ይነግረኛል። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና፣ “ለኮምፒውተሩም ማተብ አሰርሽለት?” ብላ እስክትደክም ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ውጭ ነበርኩ። እህቴ ስልክ ደውላ፣ “የትኛውን ልንቀል?” አለችኝ። “ከአራቱ ቋጠሮ ጀምሪ” አልኳት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ካውያውን ሳሎን ስላባረርኩት አሁንም አኩርፋለች፣ ነቀለች ግን።

ያ ሦስተኛው፣ ያን እሑድ ስነቅለው ምንም ያላጠፋውስ? ጥቁር አዳፕተር ነው። ጽሑፉ ተፍቆ የሚነበበው 12 ቮልት የሚለው ብቻ ነው፤ ጫፉ ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተነቅሎ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ ቤት ውስጥ ሥራ ያቆመ ነገር አላገኘንም። ልጥለው ስል እናቴ “ኋላ ይፈለጋል” ብላ ከለከለችኝ። አምስት ቋጠሮ አስሬለት ፍርግርጉ ጥግ ላይ ተሰቅሏል። እኛ ቤት መጥታችሁ የረሳችሁት ካለ፣ መጥታችሁ ውሰዱልኝ።