የአባዬ ዲኤክስ እና አዲሱ ፋን

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆንን 92 አካባቢ ይበቃዋል። ለሽሮ ምንም አይደለም፤ ለመኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 ወይም 88 ላይ ነው። የራዲያተርህ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በ«ደህና ነው» እና በ«አፈላ» መካከል ያለችህ ርቀት ይቺው ናት። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ይወስደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርኩት ክዳኑን ነው።

የአባዬ ኮሮላ ዲኤክስ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ይዛው የመጣችው 1,290 ሲሲው 4ኬ ሞተር ሲያረጅ 1,486 ሲሲው 5ኬ ገባላት። ጉልበት ጨመረች፤ ሙቀትም አብሮ ጨመረ። ፋኗ ግን ያው በቺንጋ የሚዞረው ነበር። የሱ ችግር ፍጥነቱ ከሞተሩ ጋር መታሰሩ ነው። መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስትቆም፣ ማለትም ንፋስ በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት፣ ሞተሩ ቀስ ሲል እሱም ቀስ ይላል። በዚያ ላይ የኛ አየር ከባህር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ወፈር ያለ ራዲያተር እና ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፋን ከነሽፋኑ ገዛሁ። ሽፋኑ ጌጥ አይደለም። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ፊት ለፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ነው፤ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ይሆናሉ። ፋኑን በሞተሩ በኩል፣ አየር እንዲስብ አድርጌ አሰርኩት። ሽቦው ከተገለበጠ ግን መኪናዋ ስትሄድ ከሚገባው ንፋስ ጋር ይታገላል፤ ስለዚህ በወረቀት ፈተንኩት። ወረቀቷ ራዲያተሩ ላይ ተለጠፈች።

ፋኑ ሲነሳ ብዙ አምፔር ስለሚጎትት በሪሌ፣ በወፍራም ሽቦ እና ባትሪው አጠገብ በተቀመጠ ፊውዝ ነው የሚሠራው። ሴንሰሩ 92 ላይ ያስነሳዋል፣ 87 ላይ ያጠፋዋል። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይቺን የ5 ዲግሪ ክፍተት ወደድኳት። ማስነሻውም ማጥፊያውም አንድ ቁጥር ቢሆን ሪሌው ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይውል ነበር።

አባዬ ሁሉንም ዝም ብሎ አየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ቺንጋ ሲላላ ይጮሃል። ያንተ ፋን ሲሞት ምን ይላል?»

ጥያቄው የግትርነት አልነበረም። ከዓመታት በፊት ዓባይ በረሃን ወጥቶ ደጀን ሊደርስ ሲል ሞተሩ አፍልቶ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለበት። ይሄድ የነበረው ለእናቱ ቀብር ነው። አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አይጠፋም።

መልሱ «ምንም አይልም» ነበር። ስለዚህ እንዲናገር አደረግነው። ዳሽቦርዱ ላይ ፋኑ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የምትበራ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ገባች፤ አጠገቧ ደግሞ ሴንሰሩን ሳይጠብቅ በእጅ የሚያስነሳ ማብሪያ። የሙቀት መርፌው ወጥቶ መብራቷ ካልበራች፣ ፊውዝ ወይም ሪሌ ወይም ሴንሰር ነው። መብራቷ በርታ መርፌው ካልወረደ፣ ፋኑን ራሱን ወይም ውሃውን እይ። አባዬ ይሄንን ደጋግሞ አስባለኝና «አሁን ገባኝ» አለ።

ባለፈው ጥር ለሠርግ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን ወርደን ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ በኋላ ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ አቀበት ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪና ኋላ፣ በሙቀት። መብራቷ በራች፣ ጠፋች፣ በራች። አባዬ ብዙ አላወራም። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ማብሪያው አጠገብ ነበር። ደጀን ልንገባ ስንል ያንን እጁን አንስቶ ሬዲዮ ከፈተ።

ጀሪካኑ አሁንም ከኋላ አለ። እኔም አውጣው አልለውም።