ፕሬዠር ሲገዛ ማን ይጠየቅ?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስያዙን ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከተመረቅኩ ወዲህ ቤተሰቦቼ ይህን እውቀቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለጉት ፕሬዠር ኩከር ሊገዙ ሲነሱ ነው። "አንቺ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ነይ አብረሽን" አለችኝ እማዬ። ዲግሪ እንዲህ ሲከበር ማየት ደስ ይላል፤ እኔም አልተግደረደርኩም።

"ለምን" የሚለውን አስቀድሜ ልመልሰው። እኛ ቤት ጾም ሲሆን ባቄላ፣ ሽንብራና ቦሎቄ፣ ፍስክ ሲሆን ቅቅልና ቅልጥም ከምድጃ አይወርድም። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ከማለዳ ተጥዶ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም እየተንተከተከ ይጠብቀናል። በዚህ ላይ መብራት በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ግማሽ የበሰለ ባቄላ ይዞ መብራት መጠበቅ ምን እንደሚመስል ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

እማዬ "የዘንድሮ ባቄላ ግትር ነው" ትላለች፤ በየዓመቱ። ግትሩ ግን ባቄላው ብቻ አይደለም፣ ከተማችንም ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው እንደ መማሪያ መጽሐፋችን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ብትጨምሩበት ውሃው ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። (ጅቡቲ ላይ የተጣደ ድስት በዚህ በኩል ከእኛው ይበልጣል።) ፕሬዠር የሚያደርገው እንፋሎቱን አፍኖ ውሃውን ከዚያ በላይ እንዲግል ማስገደድ ነው፤ ጥሩ የሚባለው እዚሁ አዲስ አበባ 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ነገሩ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ድስት አጥንት ሳይቀር ያለሰልስ ነበር። እንዳይፈነዳበት ብሎ የሠራለት ማስተንፈሻ ዛሬ ክዳኑ ላይ ለምናያት ለምታፏጨዋ ክብደት ቅድመ አያቷ ነው። ቅልጥም ወዳድ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ መርካቶ ወረድን፤ እማዬ፣ እኔና ቤታችን የምትሠራው ልጅ። እሷ የመጣችው ዕቃ ልትይዝ ነው፤ ቢያንስ የተባለው እንደዚያ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ቆመን የሚገባ የሚወጣውን ገዢ ታዘብኩ። ሁሉም የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ "ስንት ነው?" እና "የየት አገር ነው?"። የቱርክ ሲባል ዓይኑ ይበራል፣ የቻይና ሲባል ከንፈሩን ይመጣል። ነጋዴውም ሞኝ አይደለም፤ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ የጠያቂውን ፊት እያየ ይቀያይረዋል። እኔም በተራዬ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መለዋወጫ እንዳለው፣ የታችኛው ወለሉ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ጠየቅኩ። ለሁሉም "የኔ እህት፣ ይሄ ዕድሜ ልክ ነው" የሚል አንድ መልስ ተሰጠኝ።

ይሄኔ ልጅቷ ከኋላችን ሆና "ተከፍቶ አይታይ፣ መብሰሉን በምን አውቃለሁ?" አለች።

ነጋዴው መልሱን የነገረው ለእኔ ነው። "ሲያፏጭ ይቆጥራሉ" አለ፣ እኔን እያየ። እሷን ዞር ብሎም አላያትም።

እስቲ አስቡት። ይህን ድስት በየቀኑ የሚጥደው፣ የሚያወርደው፣ የሚከፍተው፣ አንድ ነገር ቢሆን ፊቱ ክዳኑ ፊት ለፊት የሚገኘው ማን ነው? እማዬ አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም። "ማን" ከስድስቱ ጥያቄዎች መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ምርጫውን ከእሷ በኩል ጀመርኩት።

መጀመሪያ የወደቀው የኤሌክትሪኩ ነው። ሰዓት ይቆጥራል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ያምራልም። ግን የመብራቱን ጉዳይ ነግሬያችኋለሁ። ደግሞም ፊቱ ላይ የተደረደሩት ቁልፎች በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ልጅቷ የማታ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች፣ የቁልፎቹን ስም ግን በሽምደዳ ልትይዝ ነው። ሰው የሚፈራውን ዕቃ በሽምደዳ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ።

ስቲሉ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድም ውድም ነው። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይግላል፤ ቲማቲምና ሎሚ የገባበት ምግብ ግን ውስጡን ይበላዋል። እኛ የምንፈልገው ለባቄላና ለቅቅል ስለሆነ ሎሚው አላሳሰበኝም። ልጅቷ ሁለቱንም አንስታ በእጇ መዘነቻቸው። ሙሉውን፣ ትኩሱን ከምድጃ የምታወርደው እሷ ናትና አሉሚኒየሙ ሆነ። እማዬ 7 ሊትሩን ፈልጋ ነበር፤ "ዘመድ ሲመጣ" የሚባል የራሷ መለኪያ አላት። ፕሬዠር ግን አፉ ድረስ አይሞላም፤ ምግቡና ውሃው ተደምሮ ከሁለት ሦስተኛው አያልፍም፣ የሚያብጠውና አረፋ የሚያወጣው ባቄላና ክክ ከሆነ ደግሞ ከግማሹ። 5 ሊትር የተባለው ለባቄላ ሁለት ሊትር ተኩል ነው ማለት ነው። ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ዘመድ ሲመጣ ሁለቴ ይጣዳል።

ብዙ የቆየነው ክዳኑ ላይ ነው። አንዱ ዓይነት ከላይ ተጭኖ፣ በእጀታው ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ነው። ሌላው፣ ሆኪንስ የተባለው የሕንድ ድስት የሚታወቅበት፣ ሞላላ ክዳን ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባና ከውስጥ ወደ ላይ ተስቦ ይገጥማል። እንፋሎቱ በበረታ ቁጥር ራሱ ክዳኑን ከድስቱ አፍ ጋር እያጣበቀ ይይዘዋል። ስለዚህ ውስጡ ግፊት እያለ የቸኮለ ሰው ልክፈትህ ቢለው እሺ አይልም። ለእኔ ከአገሩም ከዋጋውም በላይ ሚዛን የደፋው ይህ ነው፤ በሰው ጥንቃቄ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ነጋዴው ክዳኑን የገጠመው በሁለተኛ ሙከራው ነው። ልጅቷ እሱን አይታ በመጀመሪያው ገጠመችው። ይሄን ገዛን።

ፍርሃት ግን በክዳን ብቻ አይለቅም። ሰፈራችን ውስጥ ፕሬዠር ጣሪያውን ስለበሳው ቤት ያልሰማ ሰው የለም፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ልጅቷን ያደፋፈራት የእኔ የ92 እና የ115 ዲግሪ ዲስኩር አልነበረም። ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ታላቅ እህት አለቻት። "እዚያ ሽንብራውን የምቀቅለው በሱ ነበር" አለቻት በስልክ፤ "ሲጮህ አትፍሪ። መጮህ ሲገባው ዝም ሲል ነው የሚፈራው።"

ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ከድስቱ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ የለም። ዝም ካለ ወይ ቀዳዳው በገለባ ተደፍኗል፣ ወይ ጎማው አርጅቶ እንፋሎቱን ያሾልካል፣ ወይ ውሃው አልቋል። ለሦስቱም መልሱ አንድ ነው፤ እሳቱን ማጥፋትና ሳይነኩ እስኪቀዘቅዝ መተው።

ወረቀቱ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ ከአራቱ አንዱ አይደለም። እኔ እየተረጎምኩ እሷ በራሷ እጅ ጽፋ ከምድጃው በላይ ለጠፈችው። "ሳትጥጂ በፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አድርገሽ እይ" ይላል። "ባቄላ ከግማሽ አይለፍ" ይላል። "ሽሮ እንዳታስቢው" ይላል፤ ሽሮ እየተፈናጠቀ ቀዳዳውን ስለሚደፍን። ወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር እኔ አስጨመርኩ። የማብሰያው ሰዓት የተሰላው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲሶ ገደማ መጨመር አለበት። 20 ደቂቃ የሚለውን እኛ 26 እናደርገዋለን።

እማዬ ዶሮ ወጥ በዚህ ድስት እንዳይሞከር አውጃለች፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ቁሌት የሚያምረው ሽንኩርቱ ውሃውን እየለቀቀ፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ነው። ፕሬዠር ውስጥ ምን ተኖ የት ይሄዳል? ይህ ድስት መቀቀል እንጂ ማቁላላት አያውቅም።

የተከራከርነው በሌላ ነው። ድሮ ከሰዓት በኋላ ይጣድ የነበረው ባቄላ ልጅቷን ከምድጃው ጋር አስሮ ያቆያት ነበር። የማታ ትምህርት የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ያመልጣት ነበር። አሁን ባቄላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀቅሎ ይወርዳል። እማዬ "ጊዜ ከተረፋት ልብሱንም በዚያው ብታጥብ" አለች። በክፋት አይደለም፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የተረፋትን ጊዜ በሌላ ሥራ እየሞላች የኖረች ሴት ናት። እኔ ደግሞ "የተረፈው ሰዓት የድስቱ ሳይሆን የልጅቷ ነው" አልኩ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን እማዬ ራሷ ከጓዳ ብቅ ብላ "አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ደብተርሽን አታነሺም?" ስትላት ሰማሁ። ልብሱ ቅዳሜ ሆኗል፤ እኔም ማጠቢያው ላይ ተራ ተሰጥቶኛል።

የምትገዙ ካላችሁ ጎማው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ጠይቁ። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መለዋወጫ የሌለው ድስት ደግሞ ጎማው ባለቀ ማግስት ተራ ድስት ነው። እኛ ሁለት ትርፍ ገዝተናል፤ የት እንደተቀመጡ የምታውቀው ልጅቷ ናት።