ማድያትና የገበያ ቅባት

በእርግዝና ወራት በጉንጭና በግንባር ላይ የሚወጣው ማድያት ብዙ እህቶችን ከመስተዋት ያሸሻል። እኔም ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ወጥቶብኝ ነበር። ባለቤቴ ስለ ፊቴ አንድ ቃል ሳይናገር ጃንጥላ ገዝቶልኝ መጣ። የሐዋሳን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ከእህቶች ጸሎት በኋላ ወጣት ሚስቶች፣ «እትዬ፣ የትኛውን ቅባት ልግዛ?» ይሉኛል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን አትግዙ እላቸዋለሁ። ቶሎ ከሚያቀሉት መካከል ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለፅንስም አደገኛ ነው። ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ደግሞ ለሌላ የቆዳ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ ነው፤ ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርም ያወጣል። ሎሚም ቢሆን ቆዳን ያቃጥላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁረቱ ይብሳል።

በቤት የምናደርገው ቀላል ነው። ማድያትን የሚያጠቁረው ፀሐይ ስለሆነ ጃንጥላ ያዙ፤ አቅም ካለ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀቡ። ፊታችሁን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ እንጂ አትፈግፍጉት። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የእርግዝና መከላከያ እንክብልም ሊያመጣው ስለሚችል፣ ካልለቀቀ ከባላችሁ ጋር ተመካክራችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ባሎች ሆይ፣ «ፊትሽ ተበላሸ» አትበሏት። ያን ቅባት ወደ ቤት የሚያስገባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ነው። ፊቷ የጠቆረው ልጃችሁን ተሸክማ መሆኑን አስቡ።