ሁለተኛዋ ብርቱካን

የስምንት ዓመቷ ልጄ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ዓሣዎቿን ታያለች። አንድ ማክሰኞ፣ «አባዬ፣ ብርቱካን ላይ ጨው ማን ነሰነሰባት?» አለችኝ።

ብርቱካን ፕላቲ የምትባል ትንሽ ዓሣ ናት። ቀረብ ብዬ ሳያት ክንፎቿና ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ። ሰውነቷንም ከድንጋይ ጋር ታሻሽ ነበር። በሌሎቹ አምስት ዓሣዎች ላይም ነጠብጣቡ ጀምሯል።

ልጄ ያላወቀችው ነገር ነበር። ይህቺ የመጀመሪያዋ ብርቱካን አይደለችም።

ገንዳውን የገዛነው ሬጀንትስ ፓርክ ያለውን የለንደን የእንስሳት ማቆያ ከጎበኘን በኋላ ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. የዓለም የመጀመሪያው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት የተከፈተው እዚያ ነው። እኛ ግን ገና ጀማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። የለንደን የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን አለው። ክሎሪን በስፖንጁ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። እነሱ ከሌሉ ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው።

ብርቱካን ስትሞት ልጄ አክስቷ ቤት አድራ ነበር። እንዳታለቅስ ብዬ ውሃውን ቀየርኩ፤ የምትመስላትን ዓሣ ገዝቼም በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ጨመርኳት። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እዚያ ሳልፈትሽ ምንም አልጨምርም። ቤቴ ግን ቸኮልኩ። በሽታውን ያመጣችው አዲሷ ዓሣ ናት።

በሽታው «ነጭ ነጠብጣብ» ይባላል። የሚያመጣው በጣም ትንሽ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተደብቆ ይመገባል። ሲያድግ ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ ይከፋፈላል፤ አንዱ በመቶዎች ይሆናል። አዲሶቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ የሚገድላቸው በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ስለጠፋ ብቻ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ያን ማታ ልጄን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «የመጀመሪያዋ የት ናት?» አለች።

«ጓሮ፣ ጽጌረዳው ሥር።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔም እቀብራት ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። «ይቅርታ፣ ልጄ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አብረን ሠራን። መድኃኒቱን በገንዳው ሊትር ልክ ለካን። መድኃኒቱን እንዳይመጥ ከማጣሪያው ውስጥ ከሰሉን አወጣን። የውሃውን ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ አደረግን፤ ሙቀት የተውሳኩን ዕድገት ስለሚያፋጥን መድኃኒቱ ቶሎ ያገኘዋል። ሁለት ዓሣዎች ሞቱ። ልጄ ራሷ ቀበረቻቸው። ሁለተኛዋ ብርቱካን ግን ዳነች።

አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው። አዲስ ውሃ ስንጨምርም መጀመሪያ ክሎሪን ማጥፊያ እናደርግበታለን። ምግብ የምንሰጠው በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው። አዲስ ዓሣ ስንገዛ አራት ሳምንት ለብቻው በትንሽ ገንዳ ይቆያል። ልጄ በዚያች ገንዳ ላይ በራሷ እጅ «ለይቶ ማቆያ» ብላ በአማርኛ ጽፋለች።

እናቴ «ሳይቃጠል በቅጠል» ትል ነበር። ነገር ሳይባባስ በፊት መከላከል ይሻላል ማለቷ ነው። ለዓሣ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለእውነትም ይሠራል።